ድሬዳዋ፣ የአባባ ከተማ

ወደ ድሬዳዋ የምትሄዱ ከሆነ «አንቱ» የሚለውን ቃል ከሻንጣችሁ አውጥታችሁ ቤት አስቀምጡት። ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም፣ ሹሙንም ሊስትሮውንም «አንተ» ወይም «አንቺ» ነው የሚሉት። ገና ከባጃጅ ሳትወርዱ ሾፌሩ «አቦ፣ እንኳን ደህና መጣህ! ሻሂ ሳትጠጣ እንዳትሄድ» ይላችኋል። ከደጋ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ ላይ ድፍረት ይመስለዋል። ሁለት ቀን ከሰነበታችሁ ግን ቅርበት መሆኑን ትረዳላችሁ። ንቀት የሌለበት «አንተ» ከሩቅ ከሚነገር «አንቱ» እንደሚሞቅ ያቺ ሞቃት ከተማ ታስተምራችኋለች።

ስለዚህች ከተማ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ድሬ ልነግራችሁ ስለፈለግሁ ነው። አባቴ በሐምሌ 2015 ዓ.ም.፣ በ81 ዓመቱ ወደ ጌታ ሄደ። ለእኛ ለልጆቹ አባዬ፣ ለዘጠኝ የልጅ ልጆቹ ደግሞ አባባ ነበር። ሰባኪ አልነበረም፤ በመጽሔትም ስሙ ወጥቶ አያውቅም። ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን እያጫወተ ወደ ጌታ ያመጣ አባት ነበር። የእርሱን ከተማ አብረን ብንዞር ለቤታችሁ የሚሆን ነገር ታገኛላችሁ ብዬ አምናለሁ።

በባቡር ሂዱ

ከተቻላችሁ በባቡር ሂዱ። አውሮፕላን ፈጣን ነው፤ አውቶቡስም አለ። ድሬዳዋን የወለዳት ግን ባቡር ስለሆነ በባቡር ስትገቡ ከተማዋ ይበልጥ ትገባችኋለች። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። የሚነሣው ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ለቡ አካባቢ ካለው ጣቢያ ስለሆነ በማለዳ ከቤት መውጣት ያስፈልጋል። ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

እኛ የሄድነው በጥር 2016 ዓ.ም.፣ አባባ ካረፈ ከስድስት ወር በኋላ ነበር። ባለቤቴ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ወንድ ልጃችንና የሰባት ዓመት ሴት ልጃችን አብረውኝ ነበሩ። ስለ ወንዱ ልጄ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የጉዞአችን ምክንያት እርሱ ነበርና። ከዘጠኙ የልጅ ልጆች መካከል እንደ እርሱ ከአባባ ጋር የተጣበቀ አልነበረም። ይሁን እንጂ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አላለቀሰም፤ ስለ አባባም አንድ ቃል አልተናገረም። ስሙ ሲነሣ ከክፍሉ ተነሥቶ ይወጣል። ትምህርቱን ይማራል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ ሳቁ ግን ጠፋብን። ጸለይን፣ አናገርነው፣ ጊዜም ሰጠነው። በመጨረሻ ባለቤቴ «ወደ አባባ ቤት እንውሰደው» አለ።

ከአዳማ በኋላ አገሩ ይለወጣል። አየሩ ይሞቃል፣ ልብስ ማውለቅ ይጀመራል። መተሐራ ስትደርሱ የፈንታሌ ተራራ ከጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋዩ ጋር ይታያችኋል። የበሰቃ ሐይቅም እዚያው ነው፤ ከዓመት ዓመት እየሰፋ የቀድሞውን መንገድና ሐዲድ ሲፈታተን የኖረ ውኃ ነው። የሸንኮራ አገዳው አረንጓዴ ካለፈ በኋላ ግራር፣ ግመልና ፀሐይ ብቻ ይሆናል።

አባባ በዚህ አገር ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተመላልሷል። የቀድሞው ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ያ ባቡር የሚሄደው አንድ ሜትር ስፋት ባለው ጠባብ ሐዲድ ላይ ሲሆን፣ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። በየጣቢያው ሲቆም ብርቱካን፣ የተቀቀለ እንቁላልና ወተት የያዙ ሻጮች በመስኮቱ ሥር ይሰበሰባሉ። አባባ የእያንዳንዱን ጣቢያ ሻጮች ድምፅ ለይቶ ያስመስል ነበር። የአዋሿን ብርቱካን ሻጭ ሲያመጣት ቁም ነገረኛዋ እናቴ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቅ ነበር።

አዋሽ ስንደርስ ግን ለልጆቼ ሌላውንም ታሪክ ነገርኳቸው። በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አቅራቢያ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባና በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። በዚያ ቀን አባባ ተረኛ አልነበረም። የሚያውቃቸው ሰዎች ግን ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። እኔ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አባቴን ሳይጫወት ያየሁት በዚያ ሰሞን ብቻ ነው። ግድግዳውን እያየ ይቀመጣል። ከብዙ ቀን በኋላ አንድ ማታ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ እንደ ባቡር ጮኸ። እናቴ ደንግጣ ስትወጣ «የስንቱ ልጅ አባት ሳይመለስ ቀረ። እኔን ጌታ ከመለሰኝ ባዶ እጄን፣ ባዶ ፊቴን አልገባም» አላት። ከዚያ ወዲህ ፊቱን አጨፍግጎ ወደ ቤት የገባበትን ቀን አላስታውስም። ስለዚህ አባባ ተጫዋች ነበር ስላችሁ፣ ሞትን የማያውቅ ሰው ሳቅ ነበር ማለቴ አይደለም። ሞትን በቅርብ አይቶ፣ ለቤቱ ደስታን ይዞ ለመግባት የወሰነ ሰው ሳቅ ነበር።

ከዚራ

አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሚገኝ ባጃጅ ትይዛላችሁ። ወደ ከዚራ በሉት። ከዚራ ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ያለው፣ ከባቡሩ ጋር የተወለደው ሰፈር ነው። መንገዶቹ በማስመሪያ እንደተሰመሩ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ በግራና በቀኝ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ይሰጧችኋል። ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ነው፤ ቀፊራ ገበያም እዚያ ነው። እዚህ ኦሮሚኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ሐረሪ በአንድ ሱቅ በራፍ ላይ ይደባለቃሉ። አባባ አራቱንም ይችል ነበር፤ ከባቡር ሥራ ያመጣት ፈረንሳይኛ ስትጨመር ደግሞ አምስት።

ከተማዋ እንዴት እንደተወለደች ታውቃላችሁ? በአፄ ምኒልክ ዘመን ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሐረር እንዲወጣ ነበር የታሰበው። ተራራው አስቸጋሪ፣ ወጪውም ከባድ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ በቆላው ላይ አለፈ። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ቦታው በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር። አዲስ አበባ የደረሰው ከዚያ በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም. ነው። አባባ ይህን ታሪክ ለልጅ ልጆቹ ሲነግር መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «አያችሁ? መንገዱ እምቢ ቢል ከተማ ተገኘ። ጌታ እምቢ ሲላችሁ አታኩርፉ፤ እዚያው ጋ ምን እንደሚሠራ ጠብቁ።»

ቤታችን ከቀድሞው ባቡር ጣቢያ ብዙም አይርቅም። ወደዚያ ቤት የሚገባ የልጅ ልጅ ሁሉ ትኬት ይጠየቃል። አባባ ጡረታ ሲወጣ የቀድሞ ኮፍያውን አስቀርቶ ነበር። ልጆቹ ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ፣ ከሐረር ሲመጡ ኮፍያውን ደፍቶ በር ላይ ይቆማል። «ቦንዡር! ትኬት?» ይላል፣ ፊቱን እንደ ዳኛ አጥብቆ። ከካርቶን ቆርጦ በእጁ ጽፎ አስቀድሞ የላከላቸውን ትኬት ያወጣሉ። ዋጋው አንድ ጥቅስ በቃል ነው። ጥቅሱን ያለው ልጅ ትኬቱ በመብሻ ይበሳለትና ይገባል። የረሳ ልጅ ካለ «ያለ ትኬት የተሳፈረ!» ብሎ ይይዘውና እስኪያስታውስ ድረስ ይኮረኩረዋል። ልጄ ከመዝሙረ ዳዊት በቃሉ የሚያውቀውን አብዛኛውን ያጠናው ለትኬት ነው። እኔና ባለቤቴ በሰንበት ትምህርት ቤት ስንት ዓመት የደከምንበትን አባባ በካርቶን ሠራው።

አራት ልደት በአንድ ዓመት

በዚያ ቤት ሳሎን ውስጥ አሁንም የቆመ አንድ አሮጌ የእንጨት ጠረጴዛ አለ። ታሪኩን ለወጣት አንባቢዎቼ መንገር እፈልጋለሁ። በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ ዓመታት ብዙ የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ቅዱሳን በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ይሰበሰቡ ነበር። መዝሙር በሹክሹክታ፣ ጸሎት በመጋረጃ ውስጥ ነበር። በየአገሩ እንደተደረገው፣ ሰው መሰብሰቡ እንዳያስጠረጥር የልደት ወይም የሰርግ ምክንያት ይፈለጋል። በእኛ ቤት ምክንያቱ እኔ ነበርኩ። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ልደቴ የተከበረበት ጊዜ አለ።

በአንዱ «ልደት» ላይ የቀበሌው ጥበቃ በሩን አንኳኳ። ጉባኤው ደረቀ። አባባ የጋዜጣ ቆብ ራሱ ላይ እንዳደረገ በሩን ከፈተ፤ ሰውየውንም እጁን ይዞ አስገባና ድፎ ዳቦ ቆርሶ ሰጠው። ጥበቃው እኔን አይቶ «ይህች ልጅ በዓመት ስንት ጊዜ ነው የምትወለደው?» አለ። አባባ «ድሬ ሙቀቱ ቶሎ ያሳድጋል፣ ምን እናድርግ!» አለው። ሰውየው ስቆ፣ ዳቦውን ይዞ ሄደ።

ካደግኩ በኋላ ይህን ነገር አንሥቼ «አባዬ፣ ውሸት አልነበረም?» ብዬ ጠየቅሁት። ዓይኑን ጠቀሰኝ። «ልደት አለን ነው ያልኩት፤ በዚያ ቀን ሁለት ሰዎች ጌታን ተቀብለው ነበር። የማን ልደት እንደሆነ፣ ስንተኛው ልደት እንደሆነ ሰውየው አልጠየቀኝም» አለኝ። አራቱም «ልደቶቼ» አዲስ ሰው ጌታን የተቀበለባቸው ቀናት ነበሩ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በአባባ የሽኝት ቀን አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ጎረቤታችን በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና ያ የቀበሌ ጥበቃ እርሳቸው እንደነበሩ ተናገሩ። «ያኔም አውቅ ነበር። ግን ልጆቹን እንዲህ የሚያስቅ ሰው አገር ይጎዳል ብዬ ማመን አቃተኝ» አሉ። ለቀስተኛው እያለቀሰ ሳቀ። በስተኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ግን ቅር ብሏቸው፣ የሐዘን ቤት እንዴት የሳቅ ቤት ይሆናል አሉ። ነገሩ ሊከርር ሲል እናቴ ከፍራሽዋ ላይ ሆና፣ ዝግ ባለ ድምፅ «ተዉአቸው፤ ይሳቁ። ሃምሳ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር እንባዬን የጠረገልኝ በመሐረብ አልነበረም» አለች። ከዚያ በኋላ የተናገረ አልነበረም።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህን ነገር በቤተ ክርስቲያን ደጋግመን ልናስብበት ይገባል። ቁምነገርና ቁጣ፣ ቅድስናና ጭፍግግታ አንድ ይመስሉናል። አብርሃምና ሣራ የተስፋውን ልጅ ሲያገኙ ስሙን ያወጡለት ከሳቅ ነው፤ ይስሐቅ ማለት ይኸው ነውና። ነቢዩ ዘካርያስም (8፥4-5) እግዚአብሔር የሚመልሳትን ኢየሩሳሌምን ሲያሳየን በአደባባዮቿ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎችና በዚያው አደባባይ የሚጫወቱ ልጆች ይታዩናል። ሽማግሌና የሚጫወት ልጅ በአንድ አደባባይ መገኘታቸው እግዚአብሔር ከተማን እንደጎበኘ ምልክት ነው።

የአባባ በርጫ

በድሬዳዋ እኩለ ቀን ላይ የምትደርሱ ከሆነ ሱቆች ተዘግተው ብታገኙ አይግረማችሁ። ከተማዋ የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ቀኑ ይጋላል። ሰው ከምሳ በኋላ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ብዙው ደግሞ በርጫ ላይ ይቀመጣል። አባባም በወጣትነቱ የጫት ሰው ነበር። ጌታን ሲያገኝ ጫቱን ተወ፤ የበርጫውን ሰዓት ግን አልተወውም። በጓሮው የዘይቱን ዛፍ ጥላ ሥር ፍራሽ ያነጥፋል፣ ትራስ ይደረድራል፣ በሰሃን ኦቾሎኒ፣ በማንቆርቆሪያ ሻሂ ያቀርባል። ከዚያ የልጅ ልጆቹን በሙሉ ማዕረግ ይጠራል፦ «የተከበራችሁ እንግዶች፣ በርጫ ደርሷል!»

ልጆቹ እንደ ትልቅ ሰው ክርናቸውን ትራስ ላይ አስደግፈው ይቀመጣሉ። አንድ ሕግ አለ፦ በአባባ በርጫ ላይ ማንኛውም ጥያቄ ይፈቀዳል፤ በመልሱም ማንም አይቆጣም። «እግዚአብሔር ባቡር ይወዳል?» ከሚለው ጀምሮ «አባባ፣ አንተ ስትሞት ትፈራለህ?» እስከሚለው ድረስ ተጠይቋል። ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ የሰጠውን መልስ ትልቋ የልጅ ልጁ ጽፋ አስቀምጣዋለች፦ «ጣቢያውን አላውቀውም። ተቀባዩን ግን አውቀዋለሁ።»

አስተውሉ፤ ልጅቱ «አንተ» ነው ያለችው። የአዲስ አበባዎቹ ልጆቼ መጀመሪያ ላይ ያፍሩ ነበር፤ አባባ ግን «አንቱ የምትሉኝ ከሆነ ጎረቤት ፈልጉ» ይላቸዋል። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ሹሙን አንቱ፣ አማቱን አንቱ እንላለን፤ ስንጸልይ ግን የሰማይና የምድርን ጌታ «አንተ» ነው የምንለው። ከሁሉ የሚከበረውን ከሁሉ በቀረበው ቃል እንጠራዋለን። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 8 የልጅነት መንፈስ ስለ መቀበላችን ሲጽፍ የሚያሳየን ይህንኑ ቅርበት ነው። ልጆቼ ይህን ያወቁት ከስብከት በፊት ከአያታቸው ፍራሽ ላይ ነው።

ደቻቱና የቆመው ባቡር

ፀሐዩ ሲበርድ ወደ ደቻቱ ውረዱ። በበጋ ብታዩት ወንዝ አትሉትም፤ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰውና ግመል ያቋርጡታል። አትመኑት። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ፣ በሌሊት ከተራራው የወረደው ጎርፍ ሕዝቡን ከነእንቅልፉ አገኘው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎች ቤታቸውን አጡ። በዚያ ሰሞን አባባ ቀን ቀን ተፈናቃዮች ወደተጠለሉበት ቦታ እየሄደ ከሽቦና ከቆርቆሮ ባቡር እየሠራ ለልጆች ይሰጥ ነበር። ገንዘብ አልነበረውም። ብርድ ልብስ ያመጡ ነበሩ፤ ዱቄት ያመጡም ነበሩ፤ ለእነርሱም ጌታ ይስጣቸው። አባባ ያመጣው መጫወቻ ነው። ሁሉን ያጣ ልጅ ልጅ መሆኑንም እንዳያጣ ፈልጎ ነው።

ከደቻቱ ተመልሰን ወደ ቀድሞው ባቡር ጣቢያ ሄድን። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚመላለሰው የድሮው ባቡር በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቆሟል፤ ሕንፃው፣ የጥገና ቦታውና አሮጌዎቹ ባቡሮች ግን አሉ። ፈቃድ ጠይቃችሁ ብትገቡ የዝገትና የዘይት ሽታው እስከ ዛሬ አለ። ሴት ልጄ ሐዲዱ ላይ እየተንገዳገደች ትሄዳለች፣ ባለቤቴ ያሮጡታል ብላ እጁን ይዛለች። ልጄ ግን ከፉርጎዎቹ በአንዱ አጠገብ ቆሞ ቀረ። ከኪሱ የካርቶን ትኬት አወጣ። አባባ ከመታመሙ በፊት ለሚቀጥለው ጉዞ የላከለት ነበር፤ አልተበሳም። ስድስት ወር በኪሱ ይዞት እንደኖረ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

«ማነው የሚበሳልኝ?» አለኝ። ከዚያ አለቀሰ። ስድስት ወር የተጠራቀመ ለቅሶ ነበር። ባለቤቴ ሐዲዱ ላይ ተቀምጦ አቀፈው። «አይዞህ፣ ወንድ አያለቅስም» አላለውም። ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ ሊያስነሣው እያወቀ አልቅሷልና። አብረን አለቀስን፤ ፀሐይዋም ጠለቀች።

ማታ ቤት ስንገባ እናቴ የልጄን ዓይን አይታ ምንም አልጠየቀችም። ወደ መኝታ ቤት ገባችና የአባባን መብሻ ይዛ ወጣች። መብሻውን እጁ ላይ አድርጋ «እኔ ዓይኔ ደክሟል። ነገ የአክስትህ ልጆች ከሐረር ይመጣሉ። በር ላይ የሚቆም ሰው የለንም» አለችው። የራሱን ትኬት ራሱ በሳው። በማግሥቱ ጠዋት ኮፍያው እስከ አፍንጫው ወርዶበት በሩ ላይ ቆሞ «ቦንዡር! ትኬት?» ሲል ሰማሁት። የአራት ዓመቷ ትንሽዬ ጥቅሷን ረስታ ነበር። ኮረኮራት። ከስድስት ወር በኋላ የልጄን ሳቅ እንደገና ሰማሁ።

ለባልና ለሚስት

ከድሬዳዋ ስትመለሱ ሙሽበክ እና የሐረር ሐላዋ ይዛችሁ እንደምትመጡ አውቃለሁ። ሌላም ነገር ይዛችሁ እንድትመጡ እለምናችኋለሁ።

አባቶች፣ በቤታችሁ ጨዋታን ለእናት ብቻ አትተዉ። ከሥራ ስትገቡ ልጆቻችሁ ወደ በር የሚሮጡ ናቸው ወይስ ወደ ክፍላቸው? ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ካርቶንና መቀስ ይበቃል። በዘዳግም 6 ቃሉን በቤት ስንቀመጥ፣ በመንገድም ስንሄድ ለልጆቻችን እንድናስተምር ታዘናል። አባባ ይህን ትእዛዝ በትኬትና በኦቾሎኒ ፈጸመው።

እናቶች፣ ባላችሁ ከልጆች ጋር ሲንከባለል «ሽማግሌ ሆነህ አታፍርም?» አትበሉት። እናቴ ጨዋታ አትችልም ነበር፤ የሚጫወተውን ግን ጠበቀችው። አንዱ ሲጫወት ሌላው ሻሂውን ያፍላ፤ ሁለቱም አገልግሎት ነው።

አያቶች፣ ለልጅ ልጆቻችሁ የምትተዉት ውርስ ቤትና መሬት ብቻ አይሁን። ያዕቆብ በዘፍጥረት 48 ታሞ ሳለ ተበረታትቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ፤ የዮሴፍን ልጆች አቅፎ ሳማቸው፣ ባረካቸው። አቅማችሁ እስካለ አትጠብቁ፤ ዛሬ እቀፏቸው።

በሐዘን ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ የሞተባችሁን ሰው ስም ከቤታችሁ አታጥፉ። ልጆች እንዳያዝኑ ብለን ዝም ስንል ብቻቸውን እንዲያዝኑ እናደርጋቸዋለን። እግዚአብሔር በኢያሱ 4 አሥራ ሁለት ድንጋዮች ከዮርዳኖስ እንዲወጡ ያዘዘው ልጆች እንዲጠይቁ፣ አባቶችም እንዲመልሱ ነው። እናንተም የሚታይና የሚዳሰስ ነገር አስቀምጡ፦ ኮፍያ፣ ምርኩዝ፣ የተጻፈ ወረቀት። ልጁ አንሥቶ «ይህ ምንድን ነው?» ይበላችሁ። ስትመልሱ እንባ ቢመጣ ይምጣ፤ ሳቅ ቢመጣም ይምጣ። ተስፋ እንደሌላቸው አናዝንም እንጂ ማዘን አልተከለከልንም።

ድሬዳዋ ለመሄድ የኅዳርና የጥር መካከል ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ሙቀቱ ይበርዳል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አባታችሁ በሕይወት ካለ እርሱንም ይዛችሁ ሂዱ፤ በመንገድ ላይ ስለ ልጅነቱ ጠይቁት፤ ሲናገርም አታቋርጡት። ጌታ በየቤታችሁ በር ላይ በደስታ የሚቆም አባት ይስጣችሁ። አሜን።